ስለ ባለ ዜማና ስለ ወጣት
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከዕብራውያን የመጣ ሲሆን መሠረቱ የበግ ቀንድ ማለት ነው። በሕገ ኦሪት ኀምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ተነፍቶ ባሪያው ነጻ ይወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ስለ ነበረ፥ በዓሉ ስሙን ያገኘው ከድምፅ ነው። ስለ ደብሪቱ ሕንፃና ስለ ንዋየ ቅድሳቷ በዚህ መጽሐፍ ሌሎች ጽሑፎች የሚናገሩ ስለ ሆነ፥ ይህ ቃል ስለ ድምፅ ቢሆን ከበዓሉ የራቀ አይሆንም። ነገሩም ይህ ነው፤ ወጣት አንድን ባለ ዜማ ወይም አንድን ሙዚቀኛ ከሌላው ሁሉ አብልጦ የወደደ እንደ ሆነ፥ ያ ፍቅር በአስተዳደጉ ላይ ምን ይሠራል?

በደጀ ሰላም ተቀምጠው ሲነጋገሩ ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንዱ አባት፥ ልጄ ዳዊቱን ትቶ የዘፋኝ ቃል ሲያንጐራጕር ይውላል፥ ስልኩን ከጆሮው አይለይም ብሎ ያማርራል። ሌላው ደግሞ፥ ልጅ ነው፥ ተወው፥ ሲበስል ይረሳዋል ብሎ ያጽናናዋል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን የፊተኛው ጆሮን በቍጣ መዝጋት የሚቻል መስሎታል፥ የኋለኛውም ፍቅር ምልክት ሳይተው የሚያልፍ መስሎታል። ልጅ ከአእምሮው አስቀድሞ በጆሮው መምህር ይመርጣል። ይህንንም ምርጫ ለማንም ሳያማክር፥ አባቱ ሳያውቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ሳያውቀው ያደርገዋል። እንግዲያስ ማንን እንደ መረጠ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ከመረጠው ሰው ምኑን እንዳየ መጠየቅ ይገባል። ድምፁን ብቻ የሰማ ልጅና ድምፁ የተገኘበትን ድካም ያየ ልጅ አንድ ዓይነት ሰው ሆነው አያድጉም።

ስለዚህ ነገር ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ የምትነግረው ታሪክ አላት፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ሳይደመጥ የሚታለፍ ሆነ እንጂ። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው ምእት ዓመት በአክሱም ተወልዶ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን እንዲያስተምረው ተሰጠ። ትምህርቱ አልገባ አለው፤ ብዙ ጊዜም ተገረፈ። በመጨረሻ ኰብልሎ ሲሄድ ማይ ኪራህ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ስትወጣ፥ ከእኩሌታው ስትወድቅ፥ ደግማ ስትወጣ፥ ደግማ ስትወድቅ አየ፤ በሰባተኛው ጊዜም ከፍሬው ደረሰች። እርሱም አለቀሰ፤ ወደ መምህሩም ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ ግእዝን፥ ዕዝልንና አራራይን እንዴት እንዳገኘ፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምርም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳያውቁ እንደ ቈሙ፥ በዓሉ በሚውልበት በግንቦት 11 ቀን ሁልጊዜ የሚነገር ነውና እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ገድሉን የጻፉ አባቶች ቅዱሱን ለማክበር ብለው ያን የልጅነት ስንፍናውን ሊሸሽጉት ይችሉ ነበር። ዜማው በሰማያውያን ወፎች አፍ ተሰጠው ብሎ ከዚያ መጀመር ለክብሩ የበቃ ነበር። እነርሱ ግን በትሉ ጀመሩ። ምክንያቱን ለማወቅ የዜማ ቤት አጥር ሥር አንድ ቀን መዋል ይበቃል። የዐሥር ዓመት ልጅ ምልክቱ ጠፍቶበት፥ ባልንጀሮቹ ዐልፈውት፥ እንባውን በለምዱ ሲጠርግ፥ "ያሬድም እንዳንተ ነበረ" የሚለው ቃል ከዱላም ከምክርም ይልቅ ያነሣዋል። የሚወደው ባለ ዜማ በሰማይ የተሰቀለ ኮከብ ቢሆንበት ኖሮ ሊያየው እንጂ ሊከተለው አይችልም ነበር።

የዜማ ተማሪ ሕይወት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ይጀምራል። የክብረ በዓል ዋዜማ ነው፤ አባትየው ልጁን በጋቢው ሸፍኖ ከቅኔ ማሕሌቱ ጥግ አስተኝቶታል። ከሌሊቱ እኩሌታ ልጁ ባንኖ ይነቃል። ከመሪጌቶቹ አንዱ ብቻውን ሲያነሣ፥ ከበሮው ገና ሳይመታ፥ ጸናጽሉ ገና ሳይንቀሳቀስ፥ ያ ድምፅ ከጣራው ሥር ሲዞር ይሰማል። ግእዝ አልተማረምና ቃሉ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ያን ሌሊት ግን አይረሳውም። ዓመት ሁለት ዓመት ቈይቶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ለምዱን ደርቦ፥ ያ መሪጌታ ወዳለበት ወይም ያ መሪጌታ ወደ ተማረበት አገር ይጠፋል። እናት ታለቅሳለች፤ መንደሩም ልጁን ምን ነካው ይላል።

ከዚያ የሚጠብቀውን ነገር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቢያውቁት መልካም ነው። ጎጆውን በገዛ እጁ ይሠራል። በየደጁ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ሲያባርረው ዱላውን ይመክታል። ቀን ያጠናውን ሌሊት በቃሉ ይቀጽላል። ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ድጓውን እየፈጸመ በዓመታት ላይ ዓመታት ይቈጥራል፤ የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነችው ወደ ቤተ ልሔም፥ ወደ ጋይንት የሚደርሰው ከብዙዎቹ ጥቂቱ ነው። ዝማሬና መዋሥዕትን የሚሻውም መንገዱን ወደ ዙር አምባ ያቀናል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው ብዙ ጊዜ የእውቀት ጥማት ብቻ አይደለም፤ ያ የመጀመሪያው ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ዜማ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው መምህሩን ከመውደዱ የተነሣ ከዜማው አስቀድሞ ሳሉን ይማራል። መምህሩ በሸመገለ ጕሮሮው ምክንያት ሊያነሣ ሲል ሁለት ጊዜ ይስል እንደ ሆነ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመቱም ልጅ ሁለት ጊዜ ሳይስል አያነሣም። መምህሩ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ካደረገ፥ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አንገታቸው የተቈለመመ ይሆናል። ፍቅር ሲጀምር የሚጨብጠው የሚታየውን ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ወጣቱ የሚወደውን ዘማሪ ፀጕርና አለባበስ ሲያስመስል የሚቈጡ አባቶች በልጅነታቸው የማንን ሳል ይስሉ እንደ ነበረ ቢያስታውሱ ቍጣቸው ይበርዳል።

ነገር ግን ብልህ መምህር ተማሪውን በሳሉ ላይ አያቆመውም። ወደ ምልክቱ ይመልሰዋል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት፤ እነዚህን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ በዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳዘጋጁዋቸው በትውፊት ይነገራል። ከቃሉ በላይ የተጻፈው ያ ትንሽ ምልክት ከመምህሩም ከተማሪውም በላይ ነው። መምህሩ ቢሳሳት ተማሪው በምልክቱ ያውቃል፤ መምህሩ ቢሞትም ዜማው አይሞትም። ተማሪው ይህን የተረዳ ዕለት መምህሩን መውደዱን አይተውም፤ ፍቅሩ ግን ይበስላል፥ የገዛ ጕሮሮውንም በዚያን ጊዜ ያገኛል። መምህሩም የእውነት መምህር ከሆነ፥ ከእኔ ዘንድ ያለው አለቀ፥ አሁን ወደ እገሌ ሂድ ብሎ ይሰደዋል። የወደዱትን ልጆች እስከ ዕድሜ ልክ በዙሪያው የሚያከማች ባለ ዜማ ራሱን ይወድዳል እንጂ ልጆቹን አይወድም።

ከማሕሌቱ ወጥቶ ወደ በገናው የሄደ እንደ ሆነም ነገሩ ያው ነው። በገና ዐሥር አውታር ያለው፥ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚከር፥ ይልቁንም በዐቢይ ጾም የሚደረደር፥ ከንጉሥ ዳዊት የመጣ ነው ተብሎ የሚከበር መሣሪያ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1950 ዓመት በእንጦጦ ተወለዱ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና ሊቅ ጎረቤት ሆኑ። ልጁም ያን የሚያጕረመርም፥ ለጆሮ ሳይሆን ለደረት የሚናገር የሚመስል ድምፅ ሰማ፤ ተማረከም። ከእርሳቸውም ተማረ። እዚህ ላይ ጎረቤት የሚለው ቃል ትልቅ ነው። አለቃ ተሰማን ልጁ ያወቃቸው በዝና አይደለም፤ ሲወጡና ሲገቡ፥ አውታር ሲቃኙ እያያቸው ነው። መቃኘት ብቻውን ትዕግሥት ያስተምራል፤ በገናን ሲቃኙ ያላየ ሰው መደርደሩ ቀላል ይመስለዋል።

መምህር ዓለሙ ኋላ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረዋል፤ በገናውን ግን አልተዉም። በአዲስ አበባ በሚገኘው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1972 እስከ 1980 ዓመት ድረስ በገና አስተማሩ። በደርግ ዘመን መሣሪያው ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ትምህርቱ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁ የለመደውን ትቶ በተማረው ጂኦግራፊ ይኖር ነበር። እርሳቸው ግን በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከጎረቤት የተቀበሉትን ለሚሻው ሁሉ እያካፈሉ ቈዩ፤ በዛሬው ጊዜ በገና ይዘው የሚታዩት ወጣቶች መብዛታቸው የእንዲህ ዓይነቱ ጽናት ፍሬ ነው። አንድ ሽማግሌ ማምሻውን በቤቱ ለጸሎት በገና ስለ ደረደረ፥ ከአንድ ትውልድ በኋላ ብዙ እጆች አውታር ነኩ።

ከዚህ ይልቅ የረዘመና ያመመ መንገድ የሄዱት ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በ1916 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸውም የውብዳር ነበረ። ገና ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋራ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ። በዚያም ዐይነ ስውር የሆነ አንድ ሙዚቀኛ ሲጫወት ሰምተው ልባቸው እንደ ተነካ ይነገራል። ከአገሯ የራቀች ሕፃን፥ ቋንቋው ባልለመዳት ሕዝብ መካከል ተቀምጣ፥ ብርሃን የሌለው ሰው በጣቶቹ ብርሃን ሲያወጣ ስትሰማ ምን እንዳሰበች ለመገመት አያስቸግርም። ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ።

በ1929 ዓመተ ምሕረት በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተማርከው አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴት ተጋዙ፤ ከዘመዶቻቸውም የተገደሉ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ግብጽ ሄደው በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፥ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ፤ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደ ነበረ ይነገራል። ዘጠኝ ሰዓት! የዜማ ተማሪ ሌሊቱን ቈጥሮ ይህን ቢሰማ፥ ባሕር ማዶ ያለችው እኅቱም የእርሱን እንጀራ ትበላ እንደ ነበረ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለወጣቶች ሳይነገር መቅረት የለበትም። በእንግሊዝ አገር ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኝቶ ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ልጅነታቸውን ሁሉ የሰጡለት ነገር በአንድ ቃል ተዘጋ። መብል አልቀምስም ብለው ተኝተው ሰውነታቸው እስከ መድከም ደረሰ፤ በዚያም ሕመም ውስጥ ቅዱስ ቍርባን ተቀበሉ። ከዚያም በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ተሰውረው ወደ ወሎ፥ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸው መነኰሱ፤ ባዶ እግራቸውንም ዐሥር ዓመት ያህል በዚያች አምባ ኖሩ። ፒያኖ በዚያ አልነበረም። ሙዚቃ ሁለንተናው የሆነ ወጣት ሙዚቃውን ሲነጠቅ ምንም እንደማይቀርለት የሚያስቡ አሉ፤ ለእማሆይ ግን ቀረላቸው። የመሥራት ልማድ፥ ብቻውን የመቀመጥ ትዕግሥት፥ ያልተመለሰ ነገር ይዞ የመኖር ብርታት ከሙዚቃው የተማሩት ነበርና በምናኔው አገለገላቸው።

ኋላም ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲማሩ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚመላለሱበት መንገድ ልጆች በሜዳ ተኝተው አዩ። እነማን እንደ ሆኑ ጠየቁ። ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጡ፥ ቀን ለምነው ሌሊት በደጅ የሚያድሩ ተማሪዎች ናቸው ተባሉ። እማሆይ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ጣታቸው ነበረ። የተዉትን ፒያኖ ስለ እነዚህ ልጆች እንደ ገና ያዙት። የመጀመሪያው ሸክላ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1967 ዓመት በጀርመን አገር ታተመ፤ ሥራቸውም ለችግረኞች ልጆች መርጃ የተሰጠ ነበረ። በ1984 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም በደብረ ገነት ኖሩ፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓመተ ምሕረትም በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀው የነገሩ መዞር ነው። ወጣቷን አንድ ሙዚቀኛ ቀሰቀሳት፤ ሙዚቀኛዪቱን ደግሞ ወጣቶች ቀሰቀሷት። በጎንደር ሜዳ የተኙት ልጆች ስለ ፒያኖ የሰሙት ነገር አልነበረም፤ ሆኖም እጃቸው ለምን እንደ ተፈጠረ ለእማሆይ የነገሯቸው እነርሱ ናቸው። የሚያዳምጧትን ልጆች ርሃብ ያየች ባለ ዜማና የሚያዳምጡትን ሰዎች ብዛት የሚቈጥር ባለ ዜማ ለወጣቱ የሚያስተምሩት ትምህርት አንድ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ወጣቱ ራሱ እንዲያየው ማድረግ የአባቶች ፈንታ ነው።

አንድ የሚያስፈራ ጥያቄ ይቀራል፤ አባቶችም እርሱን በመፍራት ይመስላል ሁሉን ለመከልከል የሚቸኵሉት። የተወደደው ዘማሪ ቢወድቅስ? ልጁ በድምፁ ተስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሳለ፥ ያ ሰው ነገ በነውር ቢገኝ ልጁ ከእርሱ ጋራ አይወድቅምን? ይወድቃል፤ አንዳንዱ ወድቋል። ለዚህ ፈውሱ እንከን የሌለበት ባለ ዜማ መፈለግ አይደለም፥ አይገኝምና። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ፊደሉን ቈጥሮ፥ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፥ ከዚያ የሚደግመው ዳዊትን ነው፤ እንግዲያስ የመጀመሪያው ባለ ዜማው ዳዊት ነው። ዳዊትም የኦርዮን ሚስት የወሰደ፥ ኦርዮንንም ያስገደለ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን አልፋቀችም፤ በዚያ ውድቀት ምክንያት የጸለየውን ኀምሳኛውን መዝሙር ግን በየዕለቱ ታደርሰዋለች። ልጁ ይህን በጊዜው ከተነገረው፥ የወደደው ዘማሪ በወደቀ ቀን ልቡ ቢሰበርም ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቃል፤ ለዘማሪውም ይጸልይለታል።

አሁን ስለዚህች ደብር ልጆች ጥቂት ቃል ይነገር። የዛሬ ወጣት ድምፅ አልጐደለበትም፤ በቀድሞ ዘመን አንድ ተማሪ አንድ ወር ተጕዞ የሚሰማውን ዜማ በኪሱ ይዞት ይዞራል። የጐደለው ሰውዬውን ማየት ነው። በስልክ የሚመጣው ድምፅ ተጣርቶ፥ ስሕተቱ ተቈርጦ የመጣ ፍሬ ነው፤ ትሏ በውስጡ የለችም። መሪጌታው ግን እዚህ አሉ፤ የበዓሉ ሰሞን ማታ ማታ በቤተ ልሔሙ አጠገብ ተቀምጠው ሲቀጽሉ፥ አንዱን ስፍራ ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ ሲመልሱ ይሰማሉ። ልጆች እንዳይረብሹ ተብሎ በሩ ይዘጋል። በሩ ቢከፈት ጥቂት ረብሻ ይኖራል፤ ከሚረብሹት መካከል ግን አንዱ ጸጥ ብሎ የሚቀር አይጠፋም።

በነገው ሌሊት ማሕሌቱ ሲቆም ከበሮውን ከዕቃ ቤት አውጥቶ እስከ ቅኔ ማሕሌት የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የሚሸከሙት ዲያቆናት ናቸው። ዘንድሮ ለአንድ ልጅ ይሰጥ፤ ከብዶት ቢያርፍም አይቸኰልበት። ካደረሰውም በኋላ ወደ እናቱ እንዲመለስ አይነገረው፥ ከመሪጌታው እግር ሥር ይቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።